ወደ ላሊበላ ለሠርግ የሚሄዱ እንግዶች

ለሠርግ ወደ ላሊበላ የተጠራው ቤተ ዘመድ ሁሉ በሙሽራው ቤት ለማደር ማሰቡ የፍቅር ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን ለጠሪዎቹ ከድግሱ ይልቅ የከበደ ሸክም ሲሆን አይተናል። ጠባቡ ቤት ለአረጋውያንና ለአራሶች ይቅር፤ ጐልማሶች ማደሪያቸውን በሆቴል አስቀድመው ይያዙ። ታኅሣሥ 29 ቀን ለልደት በዓል ተሳላሚው እጅግ ስለሚበዛ አልጋ ይጠፋል፤ ከጥምቀት በኋላ የሆነ ሠርግ ለእንግዳም ለባለቤትም ይቀላል።

የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና የሚቀበል መኪና አስቀድሞ ይነገር። አገሩ ደጋ ነው፤ ጋቢ አይረሳ።

11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጧት ሮጦ ለመጨረስ መሞከርን አንወድም። ቤተ ጊዮርጊስን አስቀድመው ከአፋፉ ላይ ቆመው ይመልከቱ፤ የመስቀል ቅርጹ የሚታየው ከዚያ ነው። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ድንጋዩ ይቀዘቅዛልና እናቶች ካልሲ ይያዙ። ቀን የተረፈው እንግዳ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልሞ ይመለስ።