በሰው ሜዳ የተገኘ ዋንጫ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ የለም። ምሳሌውን መናገር ቀላል ነው፤ እስኪፈጸም ድረስ መታገሥ ግን የሁሉም ሰው ዕድል አይደለም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወጋው ይህን ትዕግሥት ስላሳየው ስለ ጐንደሩ ፋሲል ከነማና በ2013 ዓ.ም. ስላገኘው የሻምፒዮንነት ዋንጫ ነው።

ከጣና በስተደቡብ ባሕር ዳር፥ በስተሰሜን ጐንደር አለች። የባሕር ዳሩ ቡድን ደጋፊዎቹ «የጣና ሞገዶቹ» ሲሉት፥ የጐንደሩን ደግሞ «አፄዎቹ» ይሉታል፤ ስሙን የወረሰው ከተማይቱን መናገሻ ካደረጉት ከአፄ ፋሲለደስ ነውና። በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁት እነዚህ ሁለት ከተሞች በሐይቅ ይገናኛሉ፤ በኳስ ግን ይፎካከራሉ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ፋሲል በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ እስከ መጨረሻው ቀን ለዋንጫው ታግሏል። በዚያ ቀን ግን ከስሑል ሽረ ጋራ አቻ በመውጣቱ ዋንጫው ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። የኢትዮጵያ ዋንጫን በዚያው ዓመት ቢያነሣም ቁጭቱ አልበረደለትም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ሌላ ቡድን ቢሆን በዚህ ሁሉ ተስፋ በቈረጠ ነበር።

የ2013ቱ ውድድር ቀድሞ ከምናውቀው የተለየ ነበር። ቡድኖቹ አንዱ በአንዱ ከተማ እየተዘዋወሩ መጋጠማቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድነት በአዲስ አበባ፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ እንዲሰነብቱ ተደረገ። በዚህም ምክንያት ፋሲል በገዛ ከተማው በጐንደር አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ዓመቱን አሳለፈ። ለአገሩ የቀረበው ውድድሩ ባሕር ዳር በደረሰ ጊዜ ነበር፤ ይህም ቢሆን የተፎካካሪው ሜዳ ነው።

አሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ቡድኑን በእርጋታ መሩት። ግብ ጠባቂው ማሊያዊ ሳማኬ ሚኬል፥ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ፥ አማካዮቹ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመክት ጉግሳ፥ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ተወጡ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጐሎች አግብቶ የአገር ሁሉ አድናቆት አግኝቷል። ዋንጫውን ያገኘው ግን ፋሲል ነው። ከዚህም የአንድ ሰው ብልጫና የአንድ ቡድን ጽናት የተለያዩ መሆናቸውን ለመገንዘብ ይቻላል። ለፋሲል ይህ የመጀመሪያው የሊግ ሻምፒዮንነቱ ነበር።

በደስታው መካከል ግን ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በዚያ ዓመት የተወዳደሩት 13 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2013 በተጀመረው ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፥ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በሜዳ አልተገኙም። እንግዲህ በ2011 ዋንጫውን የወሰደውም ቡድን፥ በመጨረሻው ቀን መንገድ የዘጋውም ቡድን ፋሲል ሲያሸንፍ አልነበሩም። ይህ የፋሲል ጥፋት አይደለም፤ ዋንጫውንም አያሳንሰውም። ነገር ግን ስፖርተኛ የሆነ ሁሉ ያሸነፈውን ሰው ዳግመኛ ሜዳ ላይ ለማግኘት መመኘቱ የማይቀር ነው።

የባሕር ዳር ስታዲየምም በዚያ ዓመት ብዙ አይቷል። በመጋቢት 2013 ብሔራዊ ቡድናችን ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው በዚሁ ሜዳ ነው፤ ከቀናት በኋላም ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፉ ተረጋገጠ። አሠልጣኙ በ2011 ዋንጫው በመጨረሻው ቀን ያመለጣቸው ውበቱ አባተ ነበሩ። በመስከረም 2014 መባቻም ፋሲል በሻምፒዮንነቱ የሱዳኑን አል ሂላል በዚያው በባሕር ዳር ተቀብሎ 2 ለ 2 ተለያየ። በመልሱም 1 ለ 1 ወጥቶ፥ ሳይሸነፍ በሰው ሜዳ በሚቈጠር ጐል ብቻ ከውድድሩ ወጣ። በሰው ሜዳ ዋንጫ ያገኘ ቡድን በሰው ሜዳ ጐል ተሰናበተ ማለት ነው።

ሦስቱ የትግራይ ቡድኖች በ2017 የውድድር ዘመን ወደ ሊጉ መመለሳቸውን ስናይ ደስ ብሎናል። ዋንጫ በመደርደሪያ ይቀመጣል፤ ጨዋታ ግን ያለ ባላጋራ አይኖርም። ስለዚህ ለጣና ዳር ወጣቶች የምንመኘው ዋንጫን ብቻ ሳይሆን፥ ዋንጫውን የሚነጥቃቸው ብርቱ ተፎካካሪ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ በሰላም መጥቶ እንዲገጥማቸው ጭምር ነው።