ስለ አጥንት መጠገን

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን እየተባለ የሚጠራው ገበያ ከባሕር ማዶ በመጣ ዕቃ የታወቀ ነው። ዕቃ የተሰበረበት ሰው ወደዚያ ሄዶ ምትኩን በገንዘቡ ይገዛል። ነገር ግን በዚያው ገበያ ሸክም ተሸክሞ ሲያልፍ የወደቀ ወይም ባጃጅ የገጨው ሰው እግሩ ቢሰበር፥ የአጥንት ምትክ ከየትኛውም ሱቅ አይገኝለትም። ፈጣሪ የአጥንትን መጠገኛ ያኖረው በሰውየው በራሱ ሰውነት ውስጥ ነውና።

አጥንት በተሰበረ ጊዜ በስብራቱ ዙሪያ ደም ፈስሶ ይረጋል። በረጋውም ደም ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ለስላሳ የሆነ ልም አጥንት ሁለቱን ጫፎች ያያይዛል፤ ይህም ቀስ በቀስ ጠንክሮ እውነተኛ አጥንት ይሆናል። የቆዳ ቁስል ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ አጥንት ግን በመልካም የዳነ እንደ ሆነ የቀድሞውን አጥንት ሆኖ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ስብራቱ ሳይናወጥ መቀመጡና ደም ሳይቋረጥ መድረሱ ነው።

ስብራቱ አልገጥም ያለ ወይም ከአጥንቱ ከፊሉ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ሐኪሞች ከበሽተኛው ከራሱ ዳሌ አጥንት ቁራጭ ወስደው በጎደለው ስፍራ ይተክላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ገደማ ዊልያም ማክዩን የተባለ የግላስጎ ሐኪም፥ የክንዱ አጥንት በበሽታ ለጠፋበት ሕፃን ከሌሎች ልጆች እግር በሕክምና የወጣ የአጥንት ቁራጭ ተክሎ ክንዱን መለሰለት። በ1965 ደግሞ አሜሪካዊው ማርሻል ዩሪስት፥ ሌላውን ሥጋ አጥንት እንዲያበቅል የሚያነሣሣ ነገር በአጥንት ውስጥ እንዳለ ገለጠ። ይሁን እንጂ የተተከለ አጥንት እንደ ችግኝ ነው፤ ችግኝ ውኃ ካላገኘ እንደሚደርቅ፥ ይህም ደም ካልደረሰው አይጸድቅም።

በአገራችን ግን ብዙ ሰው አጥንቱ ሲሰበር አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። የወጌሻ ጥበብ ከአባቶች የመጣ ነው፤ የተጣመመውን በእጁ ዳስሶ የሚያቀና፥ ብዙ ሰውም የረዳ ወጌሻ አለና ሥራውን መናቅ አይገባም። ጉዳቱ የሚመጣው ከማሰሩ ላይ ነው። የተሰበረ እግር ወይም እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ በቀርከሃና በጨርቅ ተጠብቆ የታሰረ ከሆነ ግን እብጠቱ መውጫ ስለሚያጣ የደሙን መንገድ ይዘጋዋል። ደም የተቋረጠበት ሥጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥበብ ቢኖር የሞተውን ሥጋ ማስነሣት አይቻልምና፥ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፥ ልጆች እጃቸውንና እግራቸውን ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሊድን ይችል በነበረ ስብራት አንድ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አካሉ ጎድሎ ይኖራል።

ስለዚህ የታሰረው ሰው ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፥ ጣቶቹም ከቀዘቀዙ፥ ከደነዘዙ፥ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፥ ሌሊትም ቢሆን እስሩን ፈትቶ በቶሎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ እንደ ሆነም ወጌሻ ዘንድ መሄድ አያስፈልግም፤ የድሬዳዋ ሰው ድል ጮራ ሆስፒታል በከተማው አለለት።

ባለሥልጣኖችም ወጌሾችን ከማሳደድ ይልቅ ማስተማር ይበጃቸዋል። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሞ የወጣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጥናት፥ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ ወዲህ በጥብቅ እስር ምክንያት የሚቆረጠው ሰው እንደ ቀነሰ ያሳያል። ካህናትም በምእመናን ዘንድ ቃላቸው የተሰማ ነውና፥ ጣቱ የጠቆረ ልጅ ሲያዩ ጠበል ከሐኪም ጋራ እንደማይጣላ ለወላጆቹ ቢነግሩ ምክራቸው እግር ያተርፋል። ለአንድ ልጅ እግር አንድ ቀን መዘግየት እጅግ ብዙ ነው።