እንባ ጠጪዎቹ

እንባ ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሮ ወንዝ ዳር የሚውል ዝንብ የላም ዓይን ላይ ምን ያሰፍረው ነበር? ውሃ እንደሆነ ሞልቶለታል። እንባ ግን ጨውም ፕሮቲንም አለው፤ በተለይ ሴቷ ዝንብ እንቁላሏን ለማሳደግ ፕሮቲኑን አጥብቃ ትሻዋለች። እነዚህ የቤት ዝንብ ዘመዶች እንደ ቆላ ዝንብ ቆዳ በስተው ደም አይመጥጡም፤ አፋቸው የተሠራው ለመላስና ለመምጠጥ ነው። ሆኖም በአፋቸው ጫፍ ያሉት ደቃቅ ጥርሶች የዓይኑን ጠርዝ ይፍቃሉ። የተፋቀ ዓይን ያለቅሳል፤ ያለቀሰ ዓይን ደግሞ ሌላ ዝንብ ይጠራል።

በጋምቤላ ክልል፣ በተለይ በኑዌር ዞን፣ የሰው ኑሮ ከከብቱ ተለይቶ አይታይም። ረጅም ቀንድ ያላቸው የአቢጋር ከብቶች በክረምት ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ሸሽተው ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣሉ፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ወደ ባሮ፣ ወደ አኮቦና ወደ ጊሎ ወንዞች ዳር ይወርዳሉ። የበጋው ሰፈር የብዙ ቤተሰብ መንጋ የሚጠጋጋበት ነው። ለዝንብ ከዚህ የደራ ገበያ የለም፤ ከአንዱ ዓይን ተነስቶ ሌላው ላይ ለማረፍ ጥቂት ክንድ መብረር ይበቃዋል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ዝንቡ ከዓይን ወደ ዓይን ሲዛወር ባዶ እግሩን አይሄድም።

ከሚያደርሳቸው እንግዶች አንዱ የዓይን ትል ነው። ቴላዚያ ሮዴሲ የሚባለው የከብት ዓይን ትል ነጭ፣ ክር የመሰለና ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። ሴቷ ትል እጮቿን እንባው ውስጥ ትለቃለች፤ ዝንቡ እንባውን ሲልስ እጮቹን አብሮ ይውጣል። እጮቹ በዝንቡ ሰውነት ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ካደጉ በኋላ ወደ አፉ ይመጡና ዝንቡ ሌላ ዓይን ላይ ሲያርፍ ይወርዳሉ። የትሉ ቆዳ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው። ትሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይኑን የሚያቆስለው ይህ ሻካራ ቆዳው ነው።

ሐኪሙ ትሉን የሚያገኘው ከተደበቀበት ሥር ነው። ላሚቱ በገመድ ትያዛለች፤ ራሷ ወደ ጎን ይዞራል። ሁለት ሦስት ጠብታ የሊዶኬይን ማደንዘዣ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ በዓይኗ ውስጠኛ ማዕዘን ተጣጥፎ የሚቀመጠው፣ ሰው የሌለው ሦስተኛው የዓይን ሽፋን በቀስታ ይነሳል። ትል ካለ ከሽፋኑ ሥር ወጥቶ ጥርት ባለው የዓይን ገጽ ላይ ሲንሸራተት በባዶ ዓይን ይታያል። በጉጠት ይዞ ማውጣት ይቻላል፤ ሌቫሚሶልና አይቨርሜክቲን የተባሉት የትል መድኃኒቶችም ይገድሉታል። ነገሩ የከብት ብቻ ነው ብሎ መዝናናት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከአንዲት ወጣት ዓይን 14 ትሎች ወጥተዋል። ሲመረመሩም ከዚያ በፊት በሰው ላይ ታይቶ የማያውቅ የከብት ዓይን ትል፣ ቴላዚያ ጉሎሳ፣ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው እንግዳ ባክቴሪያ ነው፤ ጉዳቱም ከትሉ ይከፋል። ሞራክሴላ ቦቪስ ፀጉር በመሰሉ ክሮቹ ኮርኒያው ላይ ይለጠፋል። ኮርኒያ የምንለው ብርሃን የሚገባበትን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ነው። ከተለጠፈ በኋላ ሕዋሳቱን የሚያሟሟ መርዝ ይለቃል። መጀመሪያ ከብቱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ጉንጩ በእንባ ይርሳል። በቀናት ውስጥ በዓይኑ መሃል ትንሽ ቁስል ይከፈትና ዙሪያው ሰማያዊ ጉም ይለብሳል። ኮርኒያ በተፈጥሮው የደም ሥር ስለሌለው ቁስሉን ለመጠገን ከዳር አዳዲስ የደም ሥሮች መብቀል አለባቸው፤ እነሱም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛሉ። ዓይኑ የሚቀላውና ለመዳን ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ዕድለኛው ከብት በነጭ ጠባሳ ያመልጣል፤ ያልታደለው ዓይኑ ይፈሳል። ኃይለኛ ፀሐይ፣ አቧራና ደረቅ ሣር ኮርኒያውን አስቀድመው ስለሚያዳክሙት ቆላ ለዚህ ባክቴሪያ የተመቸ አገር ነው።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። በእንስሳት ሐኪም ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋው ኦክሲቴትራሳይክሊን በጊዜ ከተወጋ ይሠራል፤ የታመመውን ከብት ከፀሐይና ከመንጋው መለየትም ይረዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የሚደረገው ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ቅጠል አኝኮ የከብት ዓይን ውስጥ መትፋት የቆየ ልማድ ነው። ከቅጠሎቹ አንዳንዶቹ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ሊኖራቸው ይችል ይሆናል፤ ምራቁና ቃጫው ግን የተከፈተ ቁስል ላይ ሌላ ጀርም ይጨምራሉ። ከዚህ የሚብሰው ከገበያ የሚገዛ፣ ኮርቲዞን ያለበት የዓይን ቅባት ነው። ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ዓይኑ የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውነቱን መከላከያ አዳክሞ ቁስሉ ወደ ውስጥ እንዲበላ ያደርጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም መጀመሪያ ፍሎረሲን የተባለውን ብርቱካናማ ቀለም ያንጠባጥባል። ጤነኛ ኮርኒያ ቀለሙን ያንሸራትተዋል፤ የቆሰለው ይይዘውና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አረንጓዴ ከታየ ኮርቲዞን ያለበት ቅባት አይነካም።

የሚያለቅስ ዓይን ሁሉ ግን የዓይን በሽታ አይደለም። ጋምቤላ የእንቅልፍ በሽታን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ አገር ናት፤ በኢትዮጵያ የሰው የእንቅልፍ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1967 እዚሁ ጋምቤላ ነው። በከብት ላይ ገንዲ የምንለው የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ወገኖች የሚያመጡት በሽታ ነው፤ ከብቱን ያከሳዋል፣ ደሙን ይጨርሳል፣ ዓይኑንም ያስለቅሰዋል። እዚህ ላይ ዓይን እንደ መስኮት ያገለግላል። የታችኛውን ሽፋን ወደታች ሳብ አድርገው ሲያዩት ውስጡ ሮዝ መሆን አለበት። ነጭ ከሆነ ደም አልቋልና የዓይን ቅባት ለዚያ ከብት ምንም አይፈይደውም፤ የደም ናሙና መወሰድ አለበት።

ኑዌሮች ለዝንቡ የራሳቸው መልስ አላቸው። ጠዋት እበቱ ይሰበሰባል፣ በፀሐይ ይሰጣል፤ ማታ ደግሞ ኩበቱ ከብቱ መሃል ይጨሳል። ጎብኚ የሚያየው ጭሱን ነው። ጭሱ ነፍሳትን ያርቃል፤ መጠነኛ የዓይን መቆጥቆጥ ማምጣቱም አይቀርም። እኔ ግን ትልቁ ጥቅም የጠዋቱ ሥራ ይመስለኛል። የከብት ዓይን ዝንቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ትኩስ እበት ላይ ነው፤ እጩም ለማደግ እርጥበት ይፈልጋል። ተበትኖ የደረቀ እበት ዝንብ አያሳድግም። ለማገዶ የሚደረገው ልማድ ሳይታሰብ የነፍሳት ቁጥጥር ሆኗል ማለት ነው። ትራኮማን የሚያዛምተው ሙስካ ሶርቤንስ የተባለው የሰው ዓይን ዝንብ ግን ምርጫው ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ለእሱ መድኃኒቱ መጸዳጃ ቤት ነው።

የእንስሳት ሕክምና ለሰው ዓይን ያበረከተው ትልቁ ስጦታ ደግሞ አይቨርሜክቲን ነው። ሳቶሺ ኦሙራ በጃፓን ኢቶ ከተማ አካባቢ ካለ አፈር ያገኘውን ባክቴሪያ ወደ አሜሪካው መርክ ኩባንያ ላከ፤ በዚያም የአየርላንድ ተወላጁ ዊሊያም ካምቤልና ባልደረቦቹ ትል ገዳይነቱን አረጋገጡ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለእንስሳት ገበያ ላይ ዋለ። ለሰው እንደሚሆን ፍንጭ የሰጠው ፈረስ ነው፤ በፈረስ ቆዳ ውስጥ የሚኖሩ ኦንኮሰርካ የተባለ ትል እጮች በመድኃኒቱ ሲጠፉ ታዩ። የሰውን ዓይን የሚያሳውረው ኦንኮሰርካ የቅርብ ዘመዳቸው ነውና ካምቤል በሰው ላይ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ፤ ሙከራው በሴኔጋል ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኩባንያው ይህ ትል ለሚያመጣው በሽታ መድኃኒቱን በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦሙራና ካምቤል የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በኢትዮጵያ እደላው እ.ኤ.አ. በ2001 በከፋና በሸካ ተጀምሮ ኋላ ጋምቤላን ጨመረ። የኪኒኑ ብዛት የሚወሰነው በሚዛን ሳይሆን በሰውየው ቁመት ነው፤ ምልክት ያለበት ዘንግ አጠገቡ ይቆምለታል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥቁር ዝንብ በሚንደረደር ውሃ ውስጥ ስለሚራባ፣ አደጋው ከደጋው ቁልቁል የሚወርዱ ወንዞች ዳር ይበረታል።

አይቨርሜክቲን ግን እጮቹን እንጂ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖረውን እናት ትል አይገድልም። እዚህም ላይ ከብት ደረሰ። በካሜሩን ከብቶች ላይ የሚገኘው ኦንኮሰርካ ኦቼንጊ የሰውየው ትል የቅርብ ዘመድ ነው። ተመራማሪዎች በሽታው ያለባቸውን ከብቶች ለወራት በኦክሲቴትራሳይክሊን አከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ውጤትም ትልልቆቹ ትሎች ሞቱ። አንቲባዮቲኩ የገደለው ትሎቹ ውስጥ የሚኖረውንና ያለእሱ መኖር የማይችሉትን ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሞቱ እጮች ኮርኒያ ውስጥ ሲፈርሱ ዓይኑን የሚያቃጥለው ዋናው ነገርም ይኸው ባክቴሪያ እንደሆነ በአይጥ ዓይን ላይ ታይቷል። ለሰው ዶክሲሳይክሊን የሚታዘዘው ከዚህ ዕውቀት በኋላ ነው።

ታዲያ አይቨርሜክቲን ለዓይን ትልም የሚሠራ ከሆነ መንጋውን ሁሉ ወግቶ መገላገል አይሻልም? አይሻልም። አብዛኛው መድኃኒት ሳይለወጥ ከእበቱ ጋር ይወጣል፤ እዚያም የዝንቡን እጭ ብቻ ሳይሆን እበቱን የሚበታትኑና የሚቀብሩ ጢንዚዛዎችንም ይጎዳል። ጢንዚዛ በሌለበት ሜዳ ላይ የሚቀረው እበት ውሎ አድሮ ለዝንብ ይመቻል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ወተት ዋና ምግቡ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ የምትታለብ ላም ለሳምንታት አትታለብ ማለት የማይሞከር ነው። ስለዚህ ለምትታለበዋ ላም የሚበጀው ማደንዘዣ ጠብታ፣ ጉጠትና ቀንዷን አጥብቀው የሚይዙ ሁለት ጎረምሶች ናቸው።