ዓሣው ከመግባቱ በፊት

አዲስ አኳሪየም ተገጥሞ፣ ጠጠሩ ተነጥፎ፣ ተክሉ ተተክሎ ሲያልቅ ባለቤቱ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ዓሣው መቼ ይገባል?» የሚል ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ቀን አይቆርጥም። ውኃው ጥርት ቢልም ለዓሣ አልደረሰም።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ያንኑ ይጨምራሉ። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይት ደግሞ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግዳል፣ የዓሣው ስንጥብም ቡናማ ይሆናል። ሌላው ወገን ይህንኑ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ያሸጋግረዋል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነበር። በአዲስ ሳጥን ውስጥ ግን ገና ጥቂት ናቸው፤ ሞቅ ባለ ውኃም ቢሆን እስኪበረክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ሆሳዕና ላይ ከዚያም ይረዝማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዱራሜና አንጋጫም እንዲሁ። ባክቴሪያዎቹ የሚፈጥኑት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውኃ ነውና ማሞቂያ የሌለው ሳጥን ብዙ ያስጠብቃል። በዚህ ከፍታ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ አየር ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ለሐዲያና ለከምባታ ሰው መጠበቁን ማስረዳት አይከብድም። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሳይብላላ እንደማይወጣ ያውቃል፤ እዚያም ሥራውን የሚሠራው በዐይን የማይታይ ሕይወት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የቧንቧው ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ ያድራል። ከዚያ ዓሣ በሌለበት ሳጥን ቆንጠር ቆንጠር እየተደረገ የዓሣ ምግብ ይጣላል፤ ሲበሰብስ ባክቴሪያውን ይቀልባል። ጊዜውን በእውነት የሚያሳጥረው ጤነኛ ከሆነ የቆየ አኳሪየም የመጣ የፊልተር ስፖንጅ ነው። አዲሱ ውኃ ውስጥ ሲጨመቅ ቡናማ ዝቃጭ ይለቃል፤ ብዙዎች ቆሻሻ ነው ብለው በቧንቧ ውኃ አጥበው የሚደፉት ይህ ዝቃጭ ዋናው ሀብት ነው።

ተክሉም አሞኒያ ስለሚመገብ ፈጥኖ የሚያድገውን በብዛት መትከል ያግዛል። ከቦዮ ሐይቅ ወይም ከብላቴ ዳር የተነቀለ ግን ቀንድ አውጣና ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ሊገባ ይችላል። ከሳጥኑ የተከረከመውም ወንዝ ውስጥ አይጣል፤ ጣናን የወረረው እንቦጭ በዓለም የተዛመተው ለአበባው ውበት ሲባል ነው።

ምግብ እየተጨመረም አሞኒያውና ናይትራይቱ ሲለኩ ዜሮ ሆነው ከቆዩ ሁለት ሦስት ትንንሽ ዓሦች ይገባሉ፤ ሌሎቹ ከሳምንታት በኋላ ይከተላሉ። አዲስ አበባ ላይ ዓሣ የምትሸጡ ወገኖች፣ ወደ ሆሳዕና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በፕላስቲክ ከረጢት የሚጓዘውን ዓሣ ከመሸጣችሁ በፊት ሳጥኑ ውኃ የተሞላው መቼ እንደሆነ ገዢውን ጠይቁት።