የመከራ ስም በመጠጥ ላይ

በኤውሮፓና በአሜሪካ ልዩ ልዩ መጠጥ ቀላቅለው ኮክቴል ብለው የሚያቀርቡ ሰዎች ለቅልቅላቸው ከጦርነት ታሪክ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነው። ይኸውም ጂንና ሻምፓኝ የሚገባበት አንዱ መጠጥ ፈረንሳዮች በ1ኛው የዓለም ጦርነት በተዋጉበት በ75 ሚሊሜትር መድፍ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ፊንላንዶችም በ1932 ዓ.ም. ሶቪየቶች በወረሩአቸው ጊዜ በታንክ ላይ የሚወረውሩትን ቤንዚን የተሞላ ጠርሙስ የሞሎቶቭ ኮክቴል አሉት፤ ይህ ግን ተወራሪው በወራሪው የተሳለቀበት ስም ነው።

ዳሩ ግን የበደሉ ስም ለገበያ ሲውል ነገሩ ሌላ ይሆናል። ላ ሞሊሳና የተባለ የኢጣልያ ፋብሪካ በሀገራችን ስም «አቢሲኔ» የተባለውን ፓስታ የቅኝ ግዛትን ዘመን በሚያሞግስ ቃል በማስተዋወቁ በ2013 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣበት፥ ይቅርታ ጠይቆ ስሙን ለወጠ።

ይህ ለደባርቅና ለዳባት ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በሁለቱ ከተሞች አልፎ በሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ይደርሳል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመውን ውል አፍርሰው በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ያፈሰሱት በዚሁ በተከዜ ዳር ነው። መርዙ የነካው ሰው ገላው ቈሰለ፤ ከወንዙ የጠጣውም በሥቃይ ወደቀ። የኢጣልያ መንግሥት ይህን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ1988 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ደባርቅ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ናት፤ እስከ ጨነቅ የሚወጣው እንግዳም በእርስዋ ያልፋል። ለእንግዳ መጠጥ የሚያቀርብ ነጋዴ ለመጠጡ የአገሩን ስም ቢያወጣለት አይነቀፍም፤ በጎንደር የሚጠመቀው ዳሸን ቢራ የተራራውን ስም በመያዙ ማንም አልተከፋም። ውሃ ጠጥተው ያለቁትን ሰዎች መከራ ግን የመጠጥ ስም ማድረግ ከነውር ሁሉ የከፋ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ስሙ ታሪኩን ያስታውሳል ይል ይሆናል። እኛም ሙታንን በመጠጥ ማሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም እንላለን። በ40 ቀን ተዝካር ጠላ ይጠመቃል፤ በማኅበርም ጽዋ ይዞራል። ነገር ግን በተዝካር የሟቹ ስም በጸሎት ይጠራል፤ ድኻም ያለ ዋጋ ይበላል፥ ይጠጣል። በመሸታ ቤት የተጠራው ስም ግን ሒሳብ ሲከፈል ይረሳል፤ ትርፉም ለሻጩ ነው።

ስለዚህ የንግድ ስም የሚመዘግቡ ሹማምንት ስሙ የማን መከራ እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የአጥቢያው ካህናትም በተከዜ የወደቁትን በየዓመቱ በታኅሣሥ ቢያስቡአቸው፥ ልጆቻችን ታሪኩን ከብርጭቆ ሳይሆን ከአባቶቻቸው አፍ ይሰማሉ።