አርሰናልም የአሳይታ ክለብ አይደለም

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሎጊያና ሰመራ በሚደርሰው የጅቡቲ መንገድ፣ ከዚያም ወደ አሳይታ በሚታጠፈው አስፋልት ላይ ባሉት የአፋር ከተሞች የኳስ ማሳያ ቤት አይታጣም። ሰው በአጭሩ ዲኤስቲቪ ቤት ይለዋል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ሙቀቱን ለማባረር ቬንትሌተር እየተንጫጫ፣ መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር የሚነሳበት ቤት ነው። በሩ ላይ ሰሌዳ ይቆማል፤ ማን ከማን እንደሚጫወት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አንዳንዴም መግቢያው ስንት እንደሆነ በጠመኔ ይጻፍበታል። የሚጻፉት ስሞች አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑል፣ ሪያል ማድሪድ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፋሲል ከነማ ተብሎ ተጽፎ ማየት ግን ብርቅ ነው። ይህን የሚያስገርም የሚያደርገው ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዙንም የአገር ውስጡንም ጨዋታ ወደዚያ ቤት የሚያስገባው ያው አንድ ዲኮደር መሆኑ ነው። ጨዋታው ቤቱ ድረስ መጥቷል፤ ሰሌዳው ላይ ግን አልወጣም። ቴሌቪዥን ከዲሽ ወደ ኢንተርኔት እየተሻገረ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ የአገር ውስጥ ኳስ ተመልካች ዕጣ የሚለየው በቴክኖሎጂው ሳይሆን በዚህ ሰሌዳ ላይ ይመስለኛል።

ከውሉ እንጀምር። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የዲኤስቲቪና የሱፐርስፖርት ባለቤት ከሆነው መልቲቾይስ ጋር በ2013 የአምስት ዓመት ስምምነት ሲፈራረም፣ ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር ነው ተባለ። ገንዘቡ በጥሬው ለክለቦች የሚታደል አልነበረም፤ የቀረጻውና የባለሙያ ሥልጠናው ወጪ ሁሉ እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ቢሆንም የአገራችን እግር ኳስ እንዲህ ያለ ውል አይቶ አያውቅም ነበር። ጨዋታው በብዙ ካሜራ፣ በድጋሚ ምስል፣ በአማርኛ አስተያየት መታየት ጀመረ። ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ዳሩ ግን ሊጉ በእነዚያው ዓመታት ከሁለት ነገሮች ተነጠለ። አንደኛው ከሜዳው ነው። በ2013 በኮሮና ምክንያት ክለቦቹ አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተፈራረቁ አስተናገዱ። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ አሠራሩ ቀረ አልተባለም። ለቀረጻ ቡድኑ ምቹ ነው፤ መኪናውና ኬብሉ ለሳምንታት አንድ ቦታ ይተከላል። ለደጋፊው ግን የክለቡ "የሜዳ ጨዋታ" የሚባለው ስሙ ብቻ ቀረ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሲዘጋ ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ዳፍ ትራክም የተባሉት የደጋፊ መቀመጫዎች አብረው ተዘጉ። ሁለተኛው መነጠል ደግሞ ከነፃው ቴሌቪዥን ነው፤ ዋናው ስርጭት ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ ካርድ ውስጥ ገባ።

ብሔራዊ ቡድኑም ከዚህ አላመለጠም። ካፍ የአገሪቱን ስታዲየሞች ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ካገደ በኋላ፣ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ያዙ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ያ ድል የተገኘው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። በዚያ ዕለት የአሳይታና የአዲስ አበባ ደጋፊ ከሜዳው እኩል ራቁ። ሁለቱም ያላቸው ምስሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምስሉ በማን በር፣ በስንት ብር እንደሚገባ መጠየቅ ከሜዳ ለቀረ ሰው የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ዋናው ትሪቡን ራሱ ስክሪኑ ሆኗል።

እዚህ ላይ በቅርብ ያለፈ አንድ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመላ አገሪቱ የዲሽ ሠራተኞች ሥራ የበዛላቸው በቫርዚሽ ነበር። ቫርዚሽ የታጂኪስታን መንግሥት የስፖርት ጣቢያ ነው፤ የያህሳትን ሳተላይት አቅጣጫ ያገኘ ሰው የእንግሊዝን ጨዋታ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያይ ነበር። አስተያየቱ በታጂክኛ ነው፤ አንድ ቃል የሚገባው አልነበረም፤ ግድም አልሰጠውም። መብቱን የገዙት ኩባንያዎች ይህን ስርቆት ይሉታል፤ በሕግ ዓይን እውነት አላቸው። ለእኔ ግን ከየትኛውም የገበያ ጥናት የበለጠ የሚናገር ነገር ነው። ተመልካቹ በሚገባው ቋንቋ ከሚሸጥለት ጨዋታ ይልቅ በማይገባው ቋንቋ በነፃ የሚመጣውን መርጧል። ከዚያ ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ብለው ወደ ሌላ ሳተላይት ሲዛወሩ ሕዝቡ እንደገና ዲሹን አዞረ። ዲሽ ለማዞር የማይሰንፍ፣ ካርድ ለመሙላት ግን እጁ የሚያጥረው ይህ ተመልካች ነው የአገር ውስጥ ኳስ ሊያገኘው የሚገባው።

የማሳያ ቤቱ ባለቤት ለምን ጊዮርጊስን እንደማይጽፍ ለመረዳት የእሱን ሒሳብ ማየት ይበቃል። ስክሪኑ አንድ ነው። የአገር ውስጥ ሊግ ሁለተኛው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው አመሻሽ ላይ ሲሆን፣ ቅዳሜ ዕለት የእንግሊዝ ክለቦች አብዛኛውን ጨዋታ የሚጫወቱትም በዚያው ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት። ቤቱን የሚሞላው አርሰናል ነው፤ ጎረቤት ያለው የውርርድ ቤትም የሚያጫውተው እሱኑ ነው። ጊዮርጊስን ለማየት አምስት ሰው ቢመጣ የጀኔሬተሩን ነዳጅ እንኳ አይከፍልም። ባለቤቱን "አገርህን አትወድም" ብሎ መውቀስ ቀልድ ነው። ጨዋታው እንዲለመድ መጀመሪያ ብዙ ጊዜ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ እንዲታይ ደግሞ ለሚያሳየው ሰው ኪሳራ መሆን የለበትም።

ይህን ቋጠሮ ኢንተርኔቱ ይፈታዋል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የቴሌኮም ገበያው ተከፍቶ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ላይ አገልግሎት ጀምሯል፤ ቴሌብር በየኪሱ ገብቷል፤ ወጣቱ ጎሉን ከቲክቶክና ከቴሌግራም ያየዋል። ታዲያ ሊጉ የራሱን አፕ ከፍቶ በትንሽ ብር ለምን አይሸጥም? አሜሪካ ውስጥ የአገሪቱ የእግር ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የዓለም አቀፍ ስርጭቱን ለአፕል አስረክቧል፤ የመልቲቾይሱ ሾውማክስም እ.ኤ.አ. በ2024 የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በስልክ ብቻ የሚታይ አድርጎ ለአፍሪካ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን የአፕ ንግድ የቆመበት ግምት አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ክፍያ የሚል ነው። መልቲቾይስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ ደንበኛ በኢንተርኔት የሚያየው ስርጭት በአንድ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ እንዳያልፍ ገድቧል። የእኛ ተመልካች ደግሞ በጋራ የሚያይ ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታ በመካከለኛ ጥራት በስልክ ሲታይ አንድ ጊጋባይት ገደማ ዳታ ይበላል፤ ጥራቱ ከፍ ካለ እጥፉንና ከዚያም በላይ። ስድሳ ሰው በአንድ ዲሽ የሚያየውን ጨዋታ በስድሳ ስልክ ለማየት ስድሳ ጊጋባይት ይጠይቃል ማለት ነው። ሎጊያ ላይ ጭነቱን አቁሞ የሚያድረው የከባድ መኪና ሹፌር ይህን ለጎል ቅንጫቢ ያወጣው ይሆናል፤ ለዘጠና ደቂቃ ግን አያወጣም። ቅንጫቢና ጨዋታ አንድ አይደሉም፤ ደጋፊ የሚወለደው ከዘጠና ደቂቃው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። ክለቦቻችን ደመወዝ መክፈል እያቃታቸው የስርጭት ገቢውን በነፃ ስጡ ማለት ጭካኔ አይሆንም ወይ? መልሱን ከክለቦቹ ስም ማንበብ ይቻላል። ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚያም ንግድ ባንክ፣ በቀድሞ ስሙ መከላከያ፣ ኤሌክትሪክ፣ መድን። ጊዮርጊስና ቡና በደጋፊና በስፖንሰር ይለያሉ እንጂ የሊጉ ትልቁ ክፍል የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ሕዝቡ ለተጫዋቹ ደመወዝ አስቀድሞ ከፍሏል። ለሁለተኛ ጊዜ በካርድ ክፈል ሲባል ቢያንስ መጠየቅ መብቱ ነው። ደግሞም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚሰላ ማንኛውም አገልግሎት በብር ለሚከፍል ሰው ተራራ ሆኗል፤ የክፍያ ቴሌቪዥን መጀመሪያ የሚያጣው ደንበኛ የኳስ ማሳያ ቤቱና ደሞዝተኛው ነው።

በአንድ ከፋይ ላይ መቆም ሌላም አደጋ አለው። ኬንያ ይህን ታውቀዋለች። ሱፐርስፖርት እ.ኤ.አ. በ2017 የክለቦቹ ቁጥር ከ16 ወደ 18 ማደጉን ተቃውሞ ውሉን ሲያቋርጥ የናይሮቢ ክለቦች ገቢም ምስልም በአንድ ቀን አጡ። ታንዛኒያ ግን ለእኔ ክርክር የማይመች ምሳሌ ናት፤ መዝለሉ ተገቢ አይደለም። እዚያ አዛም ሚዲያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአሥር ዓመት 225 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ከፍሎ ሊጉን ገዛ፤ የሚከፈልበት ቴሌቪዥን ነው፤ ሊጉም አድጓል። ልዩነቱ አዛም የአገሩ ኩባንያ መሆኑና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሲምባና የያንጋ ደርቢ ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ዳሬሰላምን ለሁለት የሚከፍል መሆኑ ነው። እዚያ የተሸጠው አስቀድሞ የነበረ ጥም ነው። እኛ ጋ የጊዮርጊስና የቡና ደርቢ ይህን የመሰለ ጥም ያለው ነበር፤ ትሪቡኑን ግን ዘጋንበት። ጥም ያለበትን ዕቃ በካርድ መሸጥ ይቻላል፤ ጥሙ ገና የሚፈጠርበትን ግን በቁልፍ ዘግቶ የሸጠ ነጋዴ አላውቅም።

አንዳንዱ ደግሞ አፋርን በዚህ ውስጥ ማስገባት ምን ይሉታል ይል ይሆናል። ካርዱ ከመጣ ከ2013 እስከ 2017 ድረስ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተ አንድም የአፋር ክለብ የለም፤ ታዲያ የአሳይታ ወጣት ለወላይታ ድቻ ለምን ይጨነቃል? አርሰናልም እኮ የአሳይታ ክለብ አይደለም። ሰሜን ለንደን የዘመድ አገር ሆኖ አይደለም ልጁ ቀዩን ማሊያ የለበሰው፤ ለዓመታት በየሳምንቱ ስላየው ነው። በዚያ ላይ የአዋሽ ሸለቆ መንገድ የአገሪቱ ሁሉ መንገድ ነው። ሹፌሩ ከሐዋሳ፣ ረዳቱ ከጎንደር፣ ነጋዴው ከድሬዳዋ ሆኖ ሎጊያ ላይ ይገናኛል። ለሲዳማ ቡናም ለፋሲልም ተመልካች ካለ የሚኖረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ውል ሲጻፍ፣ በዲኮደርም ይሁን በአፕ፣ የሚገዛው ኩባንያ ማንነት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። እኔ የምፈልገው ከየሳምንቱ ጨዋታ ቢያንስ አንዱ በኢትዮሳት ዲሽ፣ ያለ ካርድ፣ በአንድ ብሔራዊ ጣቢያ እንዲታይ የሚያስገድድ አንቀጽ ነው። ገዢው ይህ ዋጋ ይቀንሳል ማለቱ አይቀርም፤ ይቀንስ። ከ68 ሚሊዮኑ ውስጥ የተወሰነው ተቀንሶ ሊጉ የሚታወቅ ቢሆን ስፖንሰሩ ከሌላ በኩል ይመጣል፤ ስፖንሰር የሚከፍለው ለዓይን ነውና። ሁለተኛው እርከን የሆነው ከፍተኛ ሊግና ከዚያ በታች ያሉት ውድድሮች ደግሞ ለክልል ጣቢያዎች በነፃ ቢለቀቁ ምን ይጎዳል? የአፋር ብዙኃን መገናኛ ጨዋታውን በአፋርኛ ቢያስተላልፍ፣ ያንኑ በዩቲዩብ ቢጭነው፣ ኢንተርኔቱ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ከአገር የወጣው ልጅም ያየዋል።

የኳስ ማሳያ ቤቱም በሕግ መቆጠር አለበት። ዛሬ ብዙው ቤት በመኖሪያ ካርድ ነው የሚሠራው፤ ደንቡ ለንግድ ማሳያ አይፈቅድም፤ ባለቤቱም ተደብቆ ይሠራል። በደንበኛ ሒሳብ ውስጥ ስድሳ ሰው አንድ ሆኖ ይመዘገባል። ለአገር ውስጥ ጨዋታ ብቻ የሚያገለግል፣ ለአንድ የውድድር ዘመን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ርካሽ የማሳያ ፈቃድ ቢኖር ግን ባለቤቱ ሕጋዊ ይሆናል፣ ሊጉም ስንት ሰው እንደሚያየው ያውቃል። በአንድ ከተማ የሚደረገው ውድድር ጨዋታዎቹን በሥራ ቀናትም ይበትናል፤ ረቡዕና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እንግሊዞች ገና ሜዳ ሳይገቡ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ፈቃዱ ከእነዚያ ቀናት ቢጀምር ባለቤቱ ሰሌዳው ላይ ጊዮርጊስን ለመጻፍ አርሰናልን ማጥፋት አያስፈልገውም።