ቢጫ ሲበራ፦ ልቁም ወይስ ልለፍ?

ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጣችኋል እንበል። ከፊት ያለው መብራት አረንጓዴ ነው። መስቀለኛው መንገድ ጋ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ ቢጫ በራ። ሾፌሩ ፍሬን ይያዝ ወይስ ነዳጅ ይስጥ?

ብዙዎቻችን ነገሩ የጸባይ ጉዳይ ይመስለናል። ጨዋ ሾፌር ይቆማል፣ ችኩል ሾፌር ያልፋል፣ በቃ። ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፊዚክስ ነው። ቢጫው በደንብ ካልተሰላ፣ በጣም ጠንቃቃ ሾፌር እንኳ ተረጋግቶ መቆምም ሆነ ቀይ ሳይበራ ማለፍ የማይችልበት ቦታ መንገዱ ላይ ይፈጠራል። እኛ የአጣብቂኝ ቀጠና እንበለው።

እስቲ እናስላው

መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሾፌሩ ቢጫውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች ሰከንድ መኪናው ምንም ሳይቀንስ 14 ሜትር ይጓዛል። ከዚያ ተሳፋሪው ከወንበሩ ሳይፈናጠር ለመቆም (ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀንስ) ሌላ 32 ሜትር ያስፈልገዋል። ድምሩ 46 ሜትር።

ማለፍስ? ቢጫው 3 ሰከንድ የሚቆይ ከሆነ፣ መኪናው በዚያው ፍጥነት የሚሄደው 42 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ቢጫው ሲበራ ከመቆሚያው መስመር 44 ሜትር ርቆ የነበረው ሾፌር ምን ያድርግ? ለመቆም 2 ሜትር ይጎድለዋል። ለማለፍም 2 ሜትር ይጎድለዋል።

ፍጥነቱን ወደ 60 ከፍ አድርጉት። ለመቆም 63 ሜትር ያስፈልጋል፣ በ3 ሰከንድ የሚኬደው ግን 50 ሜትር ነው። ቀጠናው ከ4 ሜትር ወደ 13 ሜትር አደገ። ፍጥነት በ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲጨምር አጣብቂኙ 3 እጥፍ ሆነ! ምክንያቱም ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን ርቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ዴኖስ ጋዚስ፣ ሮበርት ሄርማን እና አሌክሳይ ማራዱዲን ናቸው። ሄርማን ቀደም ሲል፣ በ1948፣ ከራልፍ አልፈር ጋር ሆኖ ከዩኒቨርስ ጅማሬ የቀረ ጨረር እንዳለ የተነበየ ሰው ነው። ከዩኒቨርስ ጅማሬ ወደ ትራፊክ መብራት መውረድ አይደለም፤ ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጭነት ሲኖርስ?

አሁን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ እብነ በረድ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ ከባድ መኪና አስቡ። ከአሶሳ ብቻ እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጥቷል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ድንጋዩ ሊንሸራተትበት ስለሚችል ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከ50 ለመቆም 62 ሜትር ይፈልጋል። በ3 ሰከንድ ቢጫ የእሱ አጣብቂኝ 20 ሜትር ነው። ቁልቁለት ከሆነ፣ ለምሳሌ እንደ ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ መንገድ ላይ፣ ደግሞ ይብሳል።

ነባሩ የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ደብረ ዘይትን መሃል ለመሃል ያልፋል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ባጃጅ፣ ጋሪና ከባድ መኪና አብረው ይሄዳሉ። ለአንዱ የሚበቃ ቢጫ ለሌላው ላይበቃ ይችላል።

የሰው ውሳኔ

ቢጫው በደንብ ቢሰላ እንኳ አንድ ችግር ይቀራል፤ ሰው ያመነታል። የትራፊክ መሐንዲሶች በተለምዶ እንዲህ ይላሉ፦ መስመሩ ላይ ለመድረስ 5.5 ሰከንድ ሲቀራቸው ቢጫ ከሚበራባቸው 10 ሾፌሮች 9ኙ ይቆማሉ፤ 2.5 ሰከንድ ሲቀራቸው ግን የሚቆመው 1 ብቻ ነው። መሃል ላይ ያሉት ይለያያሉ። የፊተኛው ሊቆም ሲወስን የኋለኛው ሊያልፍ ከወሰነ፣ ግጭቱ ከኋላ ነው። ስለዚህ ከፊት ካለው መኪና ርቀት መጠበቅ ለቢጫም መድኃኒት ነው።

ስሌቱ ተሳስቶ ያውቃል?

አዎ፣ ጎድሎት ያውቃል። በአሜሪካ ኦሬገን የሚኖረው ማትስ ያርልስትሮም በ2013 ባለቤቱ ቀይ ጥሳለች ተብላ በካሜራ ስትቀጣ ቀመሩን መመርመር ጀመረ። የ1960ው ስሌት ቀጥ ብሎ ለሚያልፍ መኪና ነው። የሚታጠፍ መኪና ግን ለመታጠፍ ሲል ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ግዛቲቱ ያለ ፈቃድ የምህንድስና ሥራ ሠርተሃል ብላ 500 ዶላር ቀጣችው። እሱ ግን ፍርድ ቤት ሄዶ ረታ። በ2020 ደግሞ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያውን ሲያሻሽል የእሱን ሐሳብ አካተተ። ማንም ሰው ጠይቆ፣ አስልቶ ሊያስተካክል ይችላል ማለት ነው።

እናንተም ሞክሩት

እግረኛ መንገድ ላይ ቁሙና በስልካችሁ የአንድ መብራት ቢጫ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ 10 ጊዜ ለኩ፤ አማካዩን ውሰዱ። ከዚያ የመንገዱን የፍጥነት ወሰን በ21.6 አካፍላችሁ 1 ጨምሩበት። ለ50 ኪሎ ሜትር 3.3 ሰከንድ ይመጣል። የለካችሁት ከዚህ ካነሰ፣ እዚያ መንገድ ላይ ሜዳ ለሆነ ቦታና ለትንሽ መኪና እንኳ አጣብቂኝ አለ። ውጤታችሁን ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ብታሳዩ ጥሩ መነጋገሪያ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ግን ለሚከንፍ ሾፌር ማምለጫ አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው በፍጥነት ወሰኑ ለሚነዳ ሰው ነው። 80 እየነዳ ቢጫው አጠረብኝ የሚል ሰው አጣብቂኙን ራሱ ሠርቶታል።

በአገራችን ከተሞች መንገድ ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ወዲያው አትግቡ። 2 ሜትር የጎደለው ሾፌር እየመጣ ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኝ እዩ፣ መኪናው መቆሙን አረጋግጡ፣ ከዚያ ተሻገሩ። ጋቢና ከተቀመጣችሁ ደግሞ፣ ቢጫ ሲበራ «ንዳው፣ ይደርሳል!» አትበሉ። ሾፌሩ ለመወሰን ያለው 1 ሰከንድ ብቻ ነው፤ እሷን አትሻሙት።